ሽንት የሚለካው ወጣት፦ የጀማሪ ሜታቦሊዝም ተመራማሪ ውሎና ሥራ

«ተመራማሪ» የሚለውን ቃል ስንሰማ በብዙዎቻችን ዓይነ ኅሊና የሚመጣው ጸጉሩ የሸበተ፣ መነጽር ያጠለቀ፣ የሚጨስ ብልቃጥ እያማሰለ ለብቻው የሚያወራ ሽማግሌ ነው። ፊልም ያመጣብን ጣጣ ነው እንጂ እውነቱ ሌላ ነው። በየላቦራቶሪው ማልዶ ናሙና የሚሰበስበው፣ ቱቦ የሚያጥበው፣ ቁጥር የሚመዘግበው አብዛኛውን ጊዜ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ወይም ጥቂት ያለፈው፣ የማስትሬት ወይም የዶክትሬት ትምህርቱን በመከታተል ላይ ያለ፣ ወላጆቹ «ልጄ፣ ይሄ ትምህርት መቼ ነው የሚያልቀው?» እያሉ የሚጨቀጭቁት ወጣት ነው። ወጣት ስንል ወንዱንም ሴቷንም ማለታችን ነው። እንዲያውም ወደ ኋላ የምንተርከው ዋናው ታሪክ የአንዲት ኢትዮጵያዊት ሥራ ነው።

ጽሑፉ ረዘም ይላል። ቆማችሁ የምታነቡ ስለሆነ ፀሐዩ ወደዚህ ግድግዳ ሳይዞር ብትጀምሩት ይሻላል።

ለመሆኑ ሜታቦሊዝም ምንድን ነው? በአጭሩ በሕያው አካል ውስጥ የሚካሄደው የኬሚካል ለውጥ ሁሉ ድምር ነው። የበላነው እንጀራ ወደ ስኳር ይፈርሳል፤ ስኳሩ ተቃጥሎ ኃይል ይሰጣል፤ ከሥጋና ከባቄላ ያገኘነው ፕሮቲን ተበታትኖ እንደገና የኛ ጡንቻ ሆኖ ይገነባል። ይህን ሁላችንም በትምህርት ቤት ስለተማርነው አንዘገይበትም። እዚህ የምንመለከተው ከሜታቦሊዝም ቅርንጫፎች አንዱን፣ ማለትም ሰውነት ለምግብነት የማይፈልጋቸውን ባዕድ ነገሮች፣ መድኃኒትን፣ የቡናን ካፌይን፣ የጫትን ቅመም፣ እንዴት አድርጎ እንደሚለውጥና እንደሚያስወጣ የሚያጠናውን ክፍል ነው። በድሬዳዋ ከነዚህ ከሦስቱ አንዱ ወደ አፉ ሳይገባ የሚውል ዐዋቂ ሰው ስንት ይሆን?

የኬላና የጉምሩክ ነገር የማይገባው የድሬ ልጅ የለምና በዚያው እንመስለው። ጉበት ኬላ ነው። ከአንጀት የተመጠጠው አብዛኛው ነገር ወደ ቀሪው አካል ከመሠራጨቱ በፊት በአንድ ትልቅ የደም ሥር በኩል መጀመሪያ ጉበት ይገባል። እዚያ ይፈተሻል። ብዙ መድኃኒቶች በስብ እንጂ በውሃ በቀላሉ አይሟሙም። በውሃ የማይሟማ ነገር ደግሞ ከሽንት ጋር መውጣት ይቸግረዋል፤ ኩላሊት ቢያጣራውም ተመልሶ ወደ ደም ይሾልካል። ስለዚህ ጉበት ዕቃውን ይለውጠዋል፤ አንድ የኦክስጅን አቶም ይለጥፍበታል፣ ወይም ከጎኑ ቁራጭ ይቆርጥለታል። ማኅተም እንደ መምታት ያለ ነው። ማኅተም ያረፈበት ዕቃ በውሃ ይሟሟል፣ ኩላሊትም በሰላም ያሳልፈዋል።

የኬላው ሠራተኞች ኢንዛይሞች ይባላሉ። ከነሱም መካከል ትልቁን ሸክም የሚሸከመው ሳይቶክሮም ፒ 450 የተባለው ቤተሰብ ነው። 450 የሚለው ቁጥር የመጣው እነዚህ ኢንዛይሞች ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲይዙ የ450 ናኖሜትር ሞገድ ያለውን ብርሃን አጥብቀው ስለሚመጥጡ ነው። ሰው የዚህ ቤተሰብ ተወላጅ የሆኑ 57 ያህል የሚሠሩ ዘረ መሎች አሉት። ዛሬ የምናነሣው አንዱን ብቻ ሲሆን ስሙ ሲ.ዋይ.ፒ. 2ዲ6 ነው። ስሙ የመኪና ታርጋ ይመስላል፤ ግድ የለም፣ ሥራውን እንወቅ። የልብ፣ የአእምሮ፣ የሕመም ማስታገሻና የሳል መድኃኒቶችን ጨምሮ ብዙ መድኃኒቶች በዚህ በአንድ ኢንዛይም እጅ ያልፋሉ።

ታዲያ የኬላው ሠራተኛ በሰው ሁሉ ዘንድ እኩል ይሠራል? እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ (ዓመተ ምሕረቱ በዚህ ጽሑፍ ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ብዙ ሐኪሞች ልዩነቱን ከቁም ነገር አልቈጠሩትም ነበር። በ1975 በለንደን በቅድስት ማርያም ሆስፒታል ሕክምና ትምህርት ቤት ሮበርት ስሚዝ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ደብሪሶኪን የሚባለውን የደም ግፊት መድኃኒት ሰውነት እንዴት እንደሚለውጠው ለማወቅ ራሳቸው ዋጡት። ባልደረቦቻቸው ምንም አልሆኑም። ስሚዝ ግን ብዙም ሳይቆዩ የደም ግፊታቸው ወርዶ ቆመው መሄድ አቃታቸው። መጠኑ የበዛ አልነበረም። ሽንታቸው ሲመረመር የተገኘው ነገር ነው ዓለምን ያስገረመው፤ ባልደረቦቻቸው መድኃኒቱን በአግባቡ ለውጠው ሲያስወጡ እሳቸው ግን ሳይለወጥ እንዳለ ነው ያስወጡት። ለካስ የስሚዝ ጉበት ያ ሠራተኛ የለውም! ውጤቱ በ1977 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ሲወጣ በደራሲነት በመጀመሪያ የተጻፈው ስም የማሕጁብ ነበር። በዚያው ዘመን በጀርመን አገርም አይከልባውም የተባሉት ሐኪም በሌላ መድኃኒት ላይ ተመሳሳይ ነገር ደርሰውበታል። ዛሬ ቢሆን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሳያየው እንደዚያ መድኃኒት እየዋጡ መሞከር አይፈቀድም፤ መልካምም አድርጓል።

አሁን ወደ ወጣቱ እንመለስ። ለማስረዳት ያህል ይህን የመሰለ ጥናት በድሬዳዋ የሚሠራ አንድ የዶክትሬት ተማሪ አለ እንበል። ሥራው ምን ይመስላል?

ከሁሉ በፊት ወረቀት ነው። አንድ ጠብታ ደም ከመቅዳቱ በፊት የጥናቱን ዕቅድ ጽፎ ለሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ያቀርባል። ናሙናው ውጭ አገር የሚላክ ከሆነ ለዚያ ሌላ ስምምነትና ሌላ ፈቃድ ያስፈልገዋል። የፈቃደኝነት ቅጹን ደግሞ በአማርኛ ብቻ ቢያዘጋጀው በኛ ከተማ አይሠራለትም፤ ኦሮምኛና ሶማልኛ የግድ ነው። «ኢንዛይም» የሚለውን ቃል ለመጋላ ነጋዴ በሦስት ቋንቋ ማስረዳት የመምህርነት ሥራ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል? ይህ ሁሉ ወራት ይፈጃል። አንዳንዱ ተማሪ ከዶክትሬቱ የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ ፊርማ ሲጠብቅ ያሳልፈዋል።

ቀጥሎ ፈቃደኛ ፍለጋ ነው። ፈቃደኛው ጤነኛ መሆን አለበት፤ ሌላ መድኃኒት የሚወስድ መሆን የለበትም፤ ከሙከራው በፊትና በሙከራው ቀን ከቡና፣ ከሲጋራ፣ ከጫት እንዲታቀብ ይጠየቃል። ከዚህ ላይ ነው ጉዱ።

«አቦ! ቡናም ጫትም ከልክለኸኝ ምን ልሁን ነው የምትለው?»

«ጋሼ፣ ለሁለት ቀን ብቻ ነው።»

«ሁለት ቀን! አንተ ልጅ፣ ሁለት ቀን ለኔና ለሥራዬ ስንት እንደሆነ ታውቃለህ?»

ክልከላው ለክፋት አይደለም። ቡና ውስጥ ያለውን ካፌይን የሚያፈርሰው የዚያው ቤተሰብ አባል የሆነው ሲ.ዋይ.ፒ. 1ኤ2 ነው፤ ተመራማሪዎችም የዚህን ኢንዛይም ኃይል የሚለኩት ሰውየውን የተወሰነ ካፌይን በማጠጣት ነው። በጤነኛ ዐዋቂ ሰው ደም ውስጥ ካፌይን በግማሽ የሚቀንሰው በአማካይ በ5 ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ ነው። ትንባሆ ያጨሰ ሰው ቶሎ ያፈርሰዋል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ዘንድ በጣም ይዘገያል። እንግዲህ ፈቃደኛው ጧት በድብቅ አንድ ስኒ ጠጥቶ ከመጣ የዚያ ሰው ቁጥር ሁሉ ዋጋ የለውም ማለት ነው። ወጣቱ ይህን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ከወራት በኋላ፣ መሣሪያው ውጤቱን ሲያወጣ ነው።

የሙከራው ቀን የሚጀምረው ከተማው ሳይግል ነው። ፈቃደኛው ባዶ ሆዱን ይመጣል። አስቀድሞ ፊኛውን ባዶ ያደርጋል። ከዚያ የታወቀ መጠን ያለው መድኃኒት ይውጣል። ደብሪሶኪን በአብዛኛው ከአገልግሎት ስለወጣ ዛሬ በምትኩ የሚሰጠው ዴክስትሮሜቶርፋን የተባለው የሳል መድኃኒት ነው። ከዚያ በኋላ ለሰዓታት፣ በጥንቱ ዘዴ ለ8 ሰዓት፣ የሚሸናው ሽንት ሁሉ በአንድ ዕቃ ይጠራቀማል። ወጣቱ መጠኑን ይለካል፣ ጥቂት ወስዶ በትንንሽ ቱቦዎች ይከፋፍላል፣ በየቱቦው ላይ የኮድ ቁጥርና ሰዓት ይጽፋል። ስም አይጻፍም። ደም ከተቀዳም ቶሎ በሴንትሪፊዩጅ አሽከርክሮ ቀዩን ከፈሳሹ ይለያል። እጁ ከጓንት፣ ጓንቱ ከፒፔት አይለይም። ቀኑን ሙሉ መቶ ሁለት መቶ ጊዜ ፒፔት የተጫነ አውራ ጣት ማታ ጉርሻ መያዝ ያቅተዋል።

ናሙናው ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ይቀመጣል። ድሬዳዋ ሙቀቱ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ፍሪዘሩ የሚገፋውን ሙቀት የሚቀበለው ክፍል ራሱ እንደ ምድጃ ነው። መብራት ከጠፋ ጄኔሬተሩ ይነሣል፤ ጄኔሬተሩ እንቢ ካለ ግን በሌሊት ስልክ ተደውሎለት ባጃጅ ፍለጋ የሚሮጠው ያው ወጣት ነው። የፍሪዘሩን በር ማንም እንዳይከፍት ይጠብቃል፤ በሩ ካልተከፈተ ቅዝቃዜው ለሰዓታት ይቆያልና። ስድስት ወር የተሰበሰበ ሥራ በአንድ ሌሊት ሊቀልጥ መቻሉን ከዚህ ሙያ ውጭ ያለ ሰው አይጠረጥርም።

ከዚያ በኋላ መለካት ነው። ክሮማቶግራፊ የሚባለው መሣሪያ በሽንቱ ውስጥ ያሉትን ነገሮች እንደ ሩጫ ተወዳዳሪ ያሯሩጣቸዋል፤ እያንዳንዱ በየራሱ ሰዓት መጨረሻው መስመር ላይ ይደርሳልና ማን ስንት እንደሆነ ይታወቃል። መሣሪያው ያልተለወጠውን መድኃኒትና በጉበት የተለወጠውን ለየብቻ ይመዝናል። የወጣቱም የድካም ፍሬ አንድ ቁጥር ነው፤ ያልተለወጠው ለተለወጠው ሲካፈል።

ለምሳሌ በ8 ሰዓት ሽንት ውስጥ 2 ሚሊ ግራም ያልተለወጠና 4 ሚሊ ግራም የተለወጠ ደብሪሶኪን ቢገኝ፣ ሲካፈል 0.5 ይሆናል፤ ይህ የደንበኛ ሰው ጉበት ነው። 6 ሚሊ ግራም ያልተለወጠና 0.3 የተለወጠ ቢሆን ግን 20 ይመጣል። ለደብሪሶኪን ድንበሩ 12.6 ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ሰው እንደ ስሚዝ «ዘገምተኛ» ይባላል። 0.5 ያልተለወጠና 5 የተለወጠ ቢሆንስ? 0.1 ነው፤ ይህኛው ሰው መድኃኒቱን ገና ሳይደርስ የሚያጋግዝ «እጅግ ፈጣን» ነው።

የሒሳብ መምህራን ከዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ለተማሪ ማቅረብ ትችላላችሁ። ለምን ይካፈላል? የተለወጠውን ብቻ መመዘን አይበቃም ወይ? አይበቃም። አንዱ ፈቃደኛ ሙቀቱን ፈርቶ ሦስት ሊትር ውሃ ጠጥቶ ሽንቱ ብዙና ቀጭን ነው፤ ሌላው በላብ አልቆ ሽንቱ ጥቂትና ወፍራም ነው። በአንድ ብርጭቆ ውስጥ የሚገኘው መጠን በሁለቱ ዘንድ ይለያያል፤ ውሃው ግን ሁለቱንም ቁጥሮች እኩል ስለሚያቀጥናቸው ሲካፈሉ ይጣፋል። ክፍልፋይ ለምን ያስፈልጋል ለሚል የሰባተኛ ክፍል ልጅ ከዚህ የተሻለ መልስ እኔ አላውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ ደረስን። በስቶክሆልም፣ በካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት አካባቢ የነበሩ ሐኪሞች በ1980ዎቹ አንዲት የመንፈስ ጭንቀት ታማሚ ያጋጥማቸዋል። የተለመደው መጠን ምንም አልሠራላትም። መጠኑ ብዙ እጥፍ እስኪሆን ድረስ ሲጨመርላት ነው የተሻላት። «መድኃኒቱን አትወስድም፣ ትጥላለች» ብሎ መጠርጠር ቀላል ነበር። በርቲልሶን የተባሉት ተመራማሪ ግን ሽንቷን ለክተው በ1985 እውነቱን አወጡ፤ ጉበቷ ከመጠን በላይ ፈጣን ነው። በ1993 ደግሞ ምክንያቱ በዘረ መል ደረጃ ተገለጠ። እንዲህ ያሉ ሰዎች ሲ.ዋይ.ፒ. 2ዲ6ን የሚሠራውን ዘረ መል አንድ ብቻ ሳይሆን ደጋግመው ተሸክመውታል። በአንድ የስዊድን ቤተሰብ እስከ 13 ቅጂ በተከታታይ ተደርድሮ ተገኝቷል። በኬላው በር ላይ 13 ፈታሽ ተሰልፎ እንደ ማለት ነው።

በስዊድን አገር እንዲህ ያለው ሰው ከመቶ አንድ ሁለት ቢገኝ ነው። ታዲያ በኢትዮጵያስ? ማን ለክቶ ያውቃል? ጥያቄውን ያነሣችውና የሠራችው በዚያው ተቋም ጀማሪ ተመራማሪ የነበረች ኢትዮጵያዊት፣ ዛሬ በካሮሊንስካ ፕሮፌሰር የሆኑት እሌኒ አክሊሉ ናቸው። (ያን ጊዜ ጀማሪ ነበሩና «አንቺ» ብለን ጀምረን በ«አንቱ» ጨረስን፤ ማዕረጉ የሚገባ ነው።) ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የ122 ኢትዮጵያውያንን የዘረ መል ናሙና መረመሩ፤ ፈቃደኞቹም ደብሪሶኪን ውጠው ሽንታቸው ተለካ። በ1996 የታተመው ውጤት በሙያው ውስጥ ያለውን ሁሉ አስደነገጠ። ከ100 ኢትዮጵያውያን 29ኙ ዘረ መሉን ሁለትና ከዚያ በላይ አድርገው በተከታታይ የተሸከሙ ሆነው ተገኙ። ዘገምተኛው ደግሞ ከመቶ ሁለት ያህል ብቻ ሆነ፤ በኤውሮፓ ግን ከመቶ ሰባት ያህል ነው።

ይህን ቁጥር ቆም ብላችሁ አስቡት። ከኛ ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ! የመድኃኒት መጠን የሚወሰነው በአብዛኛው በኤውሮፓና በአሜሪካ ሰዎች ላይ ተሞክሮ ነው። በወረቀቱ ላይ «በቀን አንድ ፍሬ» ተብሎ ሲጻፍ የማን ጉበት ታስቦ ነው የተጻፈው? ለነሱ እንግዳ የሆነ ጉበት ለኛ የጎረቤት ጉበት ነው።

ለምን በኛ አካባቢ እንደበዛ የካሮሊንስካው ኢንገልማን-ሰንድበርግ አንድ መላ ምት አቅርበዋል። ሲ.ዋይ.ፒ. 2ዲ6 በመራራና መርዛማ ዕፅዋት ውስጥ የሚገኙትን አልካሎይድ የሚባሉ ቅመሞች ይወዳል። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት በረኃብ ዘመን ያገኙትን ቅጠልና ሥር ሁሉ ለመብላት የተገደዱ ሰዎች መካከል ዘረ መሉ የተደጋገመላቸው መርዙን ቶሎ አፍርሰው ተረፉ፣ ዘርም ተኩ የሚል ነው። መላ ምት ነው፤ ማረጋገጥ ቀላል አይደለም። ቢሆንም ለዝግመተ ለውጥ ትምህርት ጥሩ ማነጋገሪያ ይሆናል።

ይህ ነገር ለመምህርና ለወላጅ ምን ያገባዋል? ያገባዋል። ኮዴይን የተባለውን የሕመም ማስታገሻና የሳል መድኃኒት እንውሰድ። ኮዴይን በራሱ ደካማ ነው። የሚሠራው ከፊሉ ጉበት ውስጥ በዚያው በሲ.ዋይ.ፒ. 2ዲ6 ወደ ሞርፊን ሲለወጥ ነው። ዘገምተኛ የሆነ ሰው ቢወስደው ሕመሙ አይታገሥለትም። እጅግ ፈጣኑ ግን ከታሰበው በላይ ሞርፊን በአንድ ጊዜ ያመርታል፤ ሞርፊን ሲበዛ ደግሞ ትንፋሽ ያደክማል፣ ያቆማልም። ሕፃን ከሆነ አደጋው የባሰ ነው። በውጭ አገር ቶንሲላቸው የወጣላቸውና ለሕመሙ ኮዴይን የተሰጣቸው ልጆች ተኝተው ያልነቁበት ጊዜ አለ። የዓለም የጤና ድርጅት በ2012 ባወጣው መመሪያ ኮዴይንን ከሕፃናት ሕመም ማስታገሻ ደረጃዎች አወጣው፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2013 ቶንሲል ለወጣላቸው ልጆች እንዳይሰጥ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ ሰጠ። የአገራችን የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ባለሥልጣንም በ2015 ኮዴይን በኢትዮጵያ ጥቅም ላይ እንዳይውል ወስኗል፤ ለውሳኔው ምክንያት የሆነው ያ በሽንት ዕቃና በፒፔት የተጀመረው ቁጥር ነው። የ122 ሰዎች ናሙና በየቤቱ ላለ ሕፃን ጋሻ ሆነ ማለት ነው።

ታሪኩ ግን በዚህ አላለቀም። እነዚሁ ተመራማሪዎች በ2002 ባወጡት ሥራ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖሩትንና ስዊድን የሚኖሩትን ኢትዮጵያውያን አወዳደሩ። አንድ ዓይነት ዘረ መል ይዘው ሳለ አገር ቤት ያሉት ጉበት ቀስ ብሎ የሚሠራ ሆኖ ተገኘ። ዘረ መል ብቻውን ሁሉን እንደማይወስን ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በአገር ቤት ያለ አንድ ነገር፣ ምግብ ይሁን መጠጥ ይሁን ቅጠል፣ የኬላውን ሠራተኛ እጁን ይዞታል።

እዚህ ላይ የኛ አካባቢ ሰው ወዲያው የሚጠረጥረው ምን እንደሆነ አያጠራጥርም። ከአወዳይ የሚጫነውን ዙርባ እያየን ነውና ያደግነው።

በጫት ውስጥ ያለው ዋናው አነቃቂ ካቲኖን ይባላል። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ላቦራቶሪ በ1975 ለይቶ አወጣው። ካቲኖን ዕድሜው አጭር ነው፤ ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ እየጠወለገ ሲሄድ ወደ ካቲንና ኖርኢፈድሪን ይለወጣል፣ እነሱ ደግሞ ኃይላቸው ዝቅ ያለ ነው። የጫት መኪና ለምን እንደዚያ እንደሚበር፣ ዙርባው ለምን በእርጥብ ቅጠል ተጠቅልሎ ውሃ እንደሚረጭበት፣ ወደ ጅቡቲና ወደ ሐርጌሳ የሚሄደው ለምን ሳይመሽ መድረስ እንዳለበት የሚገልጸው ይኸው ኬሚስትሪ ነው። ነጋዴው ካቲኖን የሚባል ስም ሰምቶ ባያውቅም ሥራውን ከፕሮፌሰሩ አሳምሮ ያውቃል። ሰው ከቃመው በኋላም ጉበት ካቲኖኑን በአብዛኛው ወደዚያው ወደ ኖርኢፈድሪን ለውጦ በሽንት ያስወጣዋል። ምርቃናው ወርዶ ድብርት የሚተካበት አንዱ ምክንያት ይኸው ቶሎ መፍረሱ ነው።

በ2015 የኢትዮጵያና የስዊድን ተመራማሪዎች፣ ፕሮፌሰር እሌኒም አሉበት፣ ፈቃደኞችን ከጫት በፊትና ለአንድ ሳምንት ጫት ከቃሙ በኋላ ዴክስትሮሜቶርፋን እየሰጡ ለኩ። ውጤቱም ጫት ሲ.ዋይ.ፒ. 2ዲ6ን የሚገታ መሆኑን አሳየ። ስለዚህ በርጫ ላይ ተቀምጦ በዚህ ኢንዛይም የሚፈርስ መድኃኒት የሚወስድ ሰው መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ከታሰበው በላይ ሊጠራቀምበት ይችላል። በአገር ቤትና በስዊድን መካከል የታየውን ልዩነት ሁሉ ጫት ብቻውን ያመጣዋል ማለት ግን አይደለም፤ ጫት የማይቅመውም ብዙ ነውና። ሐኪም ዘንድ ስትቀርቡ «ጫት ትቅማለህ ወይ?» ተብላችሁ ብትጠየቁ ግን ስለ ጠባያችሁ የሚመረምራችሁ አይምሰላችሁ። መድኃኒቱን ደግሞ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ በራሳችሁ እንዳታቋርጡ ወይም እንዳትቀንሱ፤ መለኪያው ያለው ከሐኪሙ ዘንድ ነው።

የወጣቱን የቀረ ውሎ በአጭሩ እንናገር። ከላቦራቶሪ ሲወጣ ኮምፒዩተር ይጠብቀዋል። ስታቲስቲክስ ይሠራል፣ ግራፍ ይሥላል፣ አማካሪው በቀይ የመለሰለትን ረቂቅ ለአምስተኛ ጊዜ ይጽፋል። ገቢው በጥናት ድጎማ ላይ የተንጠለጠለ ሲሆን ድጎማው ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ ያልቃል። የተመኘው መጽሔትም ጽሑፉን «አንቀበልም» ብሎ ይመልስበታል። በዚህ ግን ብቻውን አይደለም። ሃንስ ክሬብስ የሚባሉት ጀርመናዊ በ1932 ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ሳሉ ከአንድ የሕክምና ተማሪ ጋር ስስ ስስ ተደርጎ በተቆረጠ ጉበት ላይ እየሠሩ አካል ዩሪያን እንዴት እንደሚያዘጋጅ ደረሱበት። በዓመቱ ናዚዎች በአይሁድነታቸው ከሥራ አባረሯቸውና ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ። በ1937 ዛሬ በየባዮሎጂ መጽሐፉ «የክሬብስ ዑደት» እየተባለ የሚታወቀውን ግኝት ለኔቸር መጽሔት ቢልኩ «ቦታ ሞልቶብናል» ተብሎ ተመለሰላቸው፤ በሌላ መጽሔት አሳተሙት። በ1953 በዚሁ ሥራ የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። ዕጩ መምህራን ይህን ዑደት ለፈተና ስትሸመድዱ የተመለሰውን ደብዳቤም አብራችሁ አስታውሱት።

በመጨረሻም ኢንዛይም ምን እንደሆነ በክፍል ውስጥ ያለ ላቦራቶሪ ለማሳየት የሚቻልበትን ዘዴ እንጨምር። ከልኳንዳ የአውራ ጣት ያህል ጥሬ ጉበት ይገዛል፤ የፍየልም የበሬም ይሆናል። ከፋርማሲ ደግሞ ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጠው ባለ 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ። ጉበቱን ለሁለት ቆርጣችሁ አንዱን ለአሥር ደቂቃ ቀቅሉትና አቀዝቅዙት። ሁለቱን በሁለት ብርጭቆ አድርጋችሁ ፈሳሹን እኩል ጨምሩባቸው። ጥሬው ወዲያው አረፋ ያወጣል፤ ጉበት ውስጥ ያለው ካታሌዝ የተባለ ኢንዛይም ፐርኦክሳይዱን ወደ ውሃና ኦክስጅን ሲያፈርሰው ነው። የተቀቀለው ዝም ይላል፤ ሙቀቱ ኢንዛይሙን አበላሽቶታልና። የሚጤስ ክብሪት በአረፋው ላይ ብታቀርቡ ቦግ ብሎ እንደገና ይነድዳል። ልጆቹ ፈሳሹን በዓይናቸው እንዳያስነኩ ጠብቁ፤ የተረፈውን ጉበት ለድመት እንጂ ለምሳ አታስቡት።